ለነብሩ ሲባል የተቃጠለ ሰማይ

የዱር እንስሳት ፎቶ በሚያነሱ ሰዎች ዘንድ እንደ ሃይማኖት የጸና አስተያየት አለ። አንበሳ በቢጫ ሣሩ መሐል፣ ነብር በግራሩ ላይ፣ አቦ ሸማኔ በሰፊው ሜዳ ይታይ፤ ቀለሙም ዓይን እንዳየው ይሁን ይላል። ከዚህ የወጣውን ሁሉ፣ በተለይም የእንስሳውን ዙሪያ ነጭ እስኪሆን በብርሃን የሚያጥለቀልቀውን ሃይ-ኪ የተባለ አሠራር፣ ቢራራለት ጌጥ ይለዋል፤ ቢጨክንበት ማጭበርበር። ይህን አስተያየት እዚህ አሽቀሎን ካሉ ፎቶ አንሺዎች ሰምቼዋለሁ፤ አዲስ አበባ ካሉትም እንዲሁ። የሚናገሩት ሰዎች እንስሳቱን ከልብ የሚወዱ፣ ለአንድ ፎቶ ጎህ ሳይቀድ የሚነሱ ናቸውና መልስ ይገባቸዋል። ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። ስህተታቸው የጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ፤ የፎቶ እውነት የት እንደሚገኝ ነው የሳቱት።

ከአሠራሩ ልጀምር፤ ብዙው ክርክር አሠራሩን ካለማየት የሚመጣ ነውና። ነብር ቀኑን ዛፍ ላይ ተጋድሞ ያሳልፋል። አንሺው ከታች መኪና ውስጥ ነው፤ ቀና ሲል ከነብሩ ጀርባ የሚያገኘው ሰማዩን ነው። ቀኑ ደመናማ ከሆነ ደግሞ ሰማዩ ወለል ብሎ ነጭ ነው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ፊቱ የቀረበለትን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ፣ በሙያው 18 በመቶ ወደሚባለው ግራጫ፣ እንዲያመጣ ሆኖ የተሠራ ነው። ነብር ይሁን ሰማይ አይለይም። ሰማዩ ሰፊውን ቦታ ስለያዘ እሱን ግራጫ ያደርጋል፤ ነብሩ ቅርጽ ብቻ ሆኖ በጥላ ይዋጣል። እንግዲህ አንሺው መወሰን አለበት። ኤክስፖዠሩን፣ ማለት ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን፣ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ስቶፕ በሚባለው የብርሃን ደረጃ ከፍ ሲያደርገው የነብሩ ዝንጉርጉር ቆዳ፣ የደረቱ ነጭ ጸጉር፣ ከቅርንጫፉ የተንጠለጠለው መዳፉ፣ አረንጓዴ ቢጫ ዓይኑ ብቅ ይላል። ሰማዩ ይቃጠላል፤ ነጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሃይ-ኪ ላይትሩምና ፎቶሾፕ ከተባሉት የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች በፊት የተወለደው እዚህ ምርጫ ላይ ነው፤ ሰማዩን ወይስ ነብሩን በሚለው ጥያቄ ላይ። የመጀመሪያውን ውሳኔ ማሽኑ ሲወስን «ተፈጥሮአዊ» የሚባለው፣ ሁለተኛውን ሰው ሲወስን «የተነካካ» የሚባለው በምን ሚዛን ተለክቶ ነው?

ቀሪው ሥራ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ሥራውም ተቃዋሚዎቹ እንደሚያስቡት አንድ ቁልፍ መጫን አይደለም። ካሜራው የመዘገበው ያልተነካ ራው ፋይል ተከፍቶ ነጩ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፣ የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ሂስቶግራም ወደ ቀኝ ይገፋል፣ ጥቁሩ ደግሞ እንዳይደበዝዝ በቦታው ይያዛል። ትልቁ ፈተና የአንበሳ ጢም ነው። ጢሙ ነጭ ነው፤ አገጩም ነጭ ነው። ሰነፍ አንሺ ዙሪያውን ጠራርጎ ነጭ ሲያደርገው ጢሙ አብሮ ይጠፋል፣ አገጩም የተቆረጠ ይመስላል። ባለሙያው ከጢሙ ጀርባ ስስ ግራጫ ይተዋል፤ ተመልካቹ ግራጫ መሆኑን ሳያውቅ ጢሙን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ሲታተምም ሌላ ጣጣ አለ። ፍጹም ነጭ የሆነ ቦታ ላይ ማተሚያው ቀለም አያሳርፍም፤ ስለዚህ ጠርዙ ወረቀቱ ውስጥ እንዳይሟሟ ከፍጹሙ ነጭ ትንሽ ዝቅ ይደረጋል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው እያንዳንዱን የእንስሳውን ጸጉር ተመልክቷል። በቢጫው ሣር ውስጥ ያነሳ ሰው ያን ያህል እንዲመለከት የሚያስገድደው የለም።

የጢሙን ነገር ያነሣሁት ለውበት ብቻ አይደለም። በአንበሳ ላይኛ ከንፈር፣ ከጢሙ ሥር ያሉት ጥቁር ነጥቦች አሰላለፍ ከአንበሳ አንበሳ ይለያያል። ፔኒኩዊክና ሩድናይ የተባሉ ተመራማሪዎች በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች ላይ ሠርተው በ1970 ያሳተሙት መለያ ዘዴ የቆመው በእነዚህ ነጥቦች ላይ ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል። ነብርም የሚለየው በዝንጉርጉሩ አቀማመጥ ነው። ይህ አንበሳ የትኛው አንበሳ ነው የሚለውን ጥያቄ ሣሩ አይመልስም። በንጹሕ ብርሃን የወጣ ፊት ይመልሳል።

እኛ በእስራኤል የምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህን ክርክር ከሌላው ቀድመን መረዳት ይገባን ነበር። በብዙ ቤት ያሉ አልበሞችን ገልጣችሁ ተመልከቱ። ልጆች አሽቀሎን ባሕር ዳርቻ ላይ ተደርድረው የተነሱት ፎቶ አለ። ባሕሩ ሰማያዊ፣ አሸዋው ወርቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ልጆቹ ግን ጥርስና የዓይን ነጭ ብቻ ሆነዋል፤ እናት የልጇን ፊት የምትለየው በልብሱ ነው። ካሜራው ያደረገው ለነብሩ ያደረገውን ነው። ባሕሩንና አሸዋውን ለካ፣ በእነሱ ልክ ብርሃኑን ቀነሰ፣ ጥቁሩን ፊት አጨለመው። ፎቶው «ተፈጥሮአዊ» ነው፤ ማንም አልነካካውም። የልጁን መልክ ለማየት ግን ባሕሩ መቃጠል ነበረበት።

በፊልም ዘመን ነገሩ ከመለኪያው አልፎ ፊልሙ ራሱ ድረስ ይዘልቅ ነበር። ፊልም አምራቹ ኮዳክ የቀለም ሚዛኑን የሚያስተካክለው «ሸርሊ» በሚባል ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች፤ የእርሷ ቆዳ ትክክለኛው ቆዳ ተባለ። የካናዳዋ ተመራማሪ ሎርና ሮት በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት ኩባንያው የጠቆረውን ቀለም በደንብ የሚይዝ ፊልም ወደመሥራት የገፋው የጥቁር ቤተሰቦች አቤቱታ ብቻ አልነበረም። ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ምርታችን በፎቶ ላይ አይለይም ብለው ማማረራቸው ትልቅ ድርሻ ነበረው። በ1984 ከሱዳን፣ በግንቦት 1991 ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ወደ እስራኤል ሲመጣ ፊልሙ ይህን ታሪክ ተሸክሞ ነበር የጠበቀን። «ቀለሙ ዓይን እንዳየው ይሁን» የሚል ሰው የማን ዓይን እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባዋል። ገለልተኛ የተባለው ቀለም አንድ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የመረጠው ነው። ወደ እንስሳው ስንመለስ፣ በጥቁር ጎፈሩ የታወቀው የኢትዮጵያ አንበሳ ጎፈሩ ከራሱ ወርዶ ደረቱንና ሆዱን ያለብሳል። በመለኪያው ፈቃድ ከተነሳ ያ ጎፈር አንድ ጥቁር ክምር ይሆናል። ብርሃኑን ከፍ አድርጋችሁ ዙሪያውን ስትለቁት ግን ጥቁር ብቻ እንዳልሆነ ታያላችሁ፤ ቡናማ አለው፣ ወደ ፊቱ ሲጠጋ ዳማ ይሆናል።

ብርሃን መጨመር ኃጢአት፣ ብርሃን መቀነስ ግን ጥበብ መሆኑም ይገርመኛል። ፎቶ አንሺው አንሰል አዳምስ በ1941 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በሄርናንዴዝ መንደር ላይ ስትወጣ ያነሳት ጨረቃ ከዓለም የታወቁ ፎቶዎች አንዷ ናት። በቀደሙት ኅትመቶች ሰማዩ ላይ ደመና ይታያል፤ በኋላ ባተማቸው ግን ሰማዩን እያጠቆረ እያጠቆረ ደመናው ሊጠፋ ትንሽ ቀረው። ይህን የጨለማ ክፍል ጥበብ ብለን እናስተምራለን። ሌላው ፎቶ አንሺ ሪቻርድ አቬዶንም ከ1979 እስከ 1984 የአሜሪካን ምዕራብ ማዕድን ቆፋሪዎችና የቀን ሠራተኞች ነጭ ወረቀት ፊት አቁሞ አነሳ፤ ማዕድን ማውጫው የለም፣ ሜዳው የለም። የሰውዬው ፊት ላይ ያለው ጥቀርሻ ግን ዓይን ውስጥ ይገባል። ለሰው የተፈቀደው ለአንበሳ የሚከለከልበት ምክንያት አልተነገረኝም።

አሁን ወደ ዋናው ክስ ልምጣ፤ ሃይ-ኪ ይዋሻል ወደሚለው። ለመዋሸት ማስመሰል ያስፈልጋል። ነጭ ዓለም ውስጥ የሚሄድ አንበሳ ፎቶ ያየ ሰው፣ ልጅም ቢሆን፣ አንበሳ ነጭ ዓለም ውስጥ ይኖራል ብሎ አያምንም። ፎቶው እጅ እንዳረፈበት በግልጽ ይናገራል። ሰውን ያታለሉ ፎቶዎች የትኞቹ እንደነበሩ ደግሞ ታሪኩ የተመዘገበ ነው። በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሚካሄደው የዓመቱ የዱር እንስሳት ፎቶ አንሺ ውድድር የ2009 አሸናፊ አጥር የሚዘል ተኩላ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ዳኞቹ ተኩላው ለማዳ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሽልማቱን ሰረዙ፤ አንሺው ክሱን ክዷል። ከዚያም በ2017 ያሸነፈ ሌላ ፎቶ በ2018 ተሰረዘ። ብራዚል ውስጥ በሚያበራ የምስጥ ኩይሳ ሥር የቆመ ጉንዳን በል አውሬ ነበር። ሙዚየሙ ያስመረመራቸው ባለሙያዎች አውሬው በፓርኩ መግቢያ የሚገኝ ቆዳው ተሞልቶ የቆመ በድን ሳይሆን አይቀርም አሉ፤ ይህም አንሺ አላመነም። ያሸነፈበት ምድብ ስሙ «እንስሳት በአካባቢያቸው» ነበር። ኩይሳው እውነተኛ ነው፣ ሌሊቱ እውነተኛ ነው፣ አካባቢው ሙሉ ነው። የጎደለው ሕይወት ያለው እንስሳ ነው።

ሁለቱም ፎቶዎች ዳኞቹን ያሳመኑት ተፈጥሮን በመምሰላቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ነብር፣ ፑማና የበረዶ ነብር ለፎቶ አንሺ በክፍያ የሚያከራዩ ግቢዎች አሉ፤ ከዚያ የሚወጡት ፎቶዎች በረዶው፣ ዛፉ፣ ወርቃማው ጀንበር ሁሉ የተሟላላቸው ናቸው። ማሳይ ማራ ላይ አንዲት አቦ ሸማኔ ስታድን ስንት መኪና እንደሚከባት የሄደ ያውቃል፤ በፎቶው ላይ ግን ብቻዋን ናት፣ ሜዳው ባዶ ነው። መኪኖቹን ከክፈፉ ማውጣት ጥሩ ዓይን ይባላል። ሣሩን ማውጣት ግን ማጭበርበር ተባለ። ከሁለቱ የትኛው ነው ስለ እንስሳዋ ኑሮ የተሳሳተ ነገር የሚያሳምነን?

አገር ቤት ያለው የሥዕል ልማድም በዚህ ነገር ላይ ከተቃዋሚዎቹ ጋር አይቆምም። ከጎንደር ጥቂት ወጣ ብሎ ወለቃ አለ። የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበር፤ ጥቁር የሸክላ አንበሶች እየሠሩ መንገድ ዳር ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። ከዚያ የመጣ አንበሳ ዛሬ በእስራኤል በየሳሎኑ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ሣር አልተሠራለትም፤ ዛፍም የለውም። ጎፈሩ በጣት ጥፍር ተጭሮ፣ ራሱ ከአካሉ ገዝፎ ተቀምጧል፤ አንበሳነቱን የጠረጠረ ግን የለም። የ17ኛው መቶ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎችም ከቅዱሳኑ ጀርባ ተራራና ወንዝ አይሥሉም ነበር፤ ብራናውን ባዶ ይተዉታል ወይም አንድ ወጥ ቀለም ይቀቡታል። ጻድቁ በሁለት ዓይን፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። ሰው ሁሉ ደንቡን ያውቀዋልና አልተታለለበትም። ሶምሶን አንበሳውን ሲሰነጥቅ በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተሥሏል፤ የተምና የወይን ቦታ የታለ ብሎ የጠየቀ ምእመን አልሰማሁም። ሺምሾን (ሶምሶን በዕብራይስጥ) የሚባል ሰፈር፣ ደሊላ የሚባል የባሕር ዳርቻ ባላት በዚህች ከተማ የምንኖር ሰዎች ታሪኩን በደንብ እናውቀዋለን፤ ሠላሳውን ልብስ ሊገፍ የወረደው መጽሐፉ አስቀሎና ወደሚላት ወደዚችው አሽቀሎን ነው። አንበሳ ያለ ሜዳው ትርጉም አለው ብሎ ማመን ለእኛ ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የምፈራው አንድ አለ። እንስሳቱ የሚጠፉት መኖሪያቸው ስለጠፋ ነው፤ መኖሪያቸውን ከፎቶ ማጥፋት የአራሹንና የቡልዶዘሩን ሥራ ማገዝ ነው የሚል። ይህን የሚለው ሰው ለእንስሳው አስቦ ነው የሚናገረው፤ ግማሹም እውነት ነው። አላጣሽን እናንሣ። ከቋራ ቆላ እስከ ሱዳን ድንበር የተዘረጋ ደረቅ ጫካ ነው፣ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር የተያያዘ። ወደ ሱዳን በእግራቸው የወጡት የቋራ ቤተ እስራኤል ያንን ቆላ ያውቁታል፤ ሽማግሌዎቹ ሌሊት አንበሳ ሲያገሣ እሳት ዙሪያ ልጆቻቸውን አቅፈው ማደራቸውን ይናገራሉ። የውጭው ዓለም ግን በዚያ አንበሳ ይኑር አይኑር እርግጠኛ አልነበረም። በ2016 በሐንስ ባወር የሚመራ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ዱካውን አገኘ፣ እንስሳ ሲያልፍ በራሱ በሚያነሳ ካሜራም ምስሉን ያዘ። ለአላጣሽ እንዲህ ያለ ፎቶ ያስፈልጋል፤ ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ የታወቀ። ይህን ማንም አይክድም፤ እኔም አልክድም። ሆኖም እነዚህ ካሜራዎች ሌሊት የሚያነሱት በኢንፍራሬድ ነው። ቀለም የላቸውም፣ የእንስሳው ዓይን እንደ አምፖል ይበራል፣ ጀርባው ጨለማ ነው። የሰው ዓይን እንደዚያ አይቶ አያውቅም። ሆኖም ማስረጃ ናቸው ሲባል የተቃወመ የለም፤ እንዴት እንደተነሱ ስለተነገረን።

ስለዚህ የመኖሪያው ፎቶ ይነሳ፣ ይብዛ። የምቃወመው እሱ ብቻ ይኑር መባሉን ነው። ሰው ለአንድ ጫካ የሚሟገተው ካርታ ስላየ ብቻ አይደለም፤ የአንድን እንስሳ ፊት ስላየም ነው። ፎቶ አንሺው ኒክ ብራንት የምሥራቅ አፍሪካን አንበሶችና ዝሆኖች ያለ ቀለም፣ እንደ ድሮ የቤተሰብ ፎቶ አድርጎ አነሳቸው። በ2010 ከሪቻርድ ቦናም ጋር የመሠረተው ቢግ ላይፍ የተባለ ድርጅት ዛሬ በኬንያው አምቦሴሊ ዙሪያ ጥበቃ ያሰማራል። ከአሽቀሎን በመኪና ብዙ ወደማይርቀው፣ በይሁዳ በረሃ ወዳለው ዔን ጌዲ ደግሞ ሂዱ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ተመራማሪው ጊዮራ ኢላኒ ነብሮችን ተራ በተራ እየለየ ይከታተል ነበር። ዛሬ በይሁዳ በረሃ ነብር የለም። ገደሉ አለ፣ ፏፏቴው አለ፣ ጨው ባሕሩ ከታች አለ፤ መልክዓ ምድሩ በየቀኑ ይነሳል። መልክዓ ምድሩን ማንሳት ነብሩን አላተረፈውም።

ሃይ-ኪ በእውነት የሚዋሽበት አንድ ቦታ እንዳለ ግን መደበቅ አልችልም፤ ተቃዋሚዎቹ ብዙ ጊዜ አያነሡትም። አጥር ነው። በረማት ጋን ሳፋሪ ወይም በ1948 በተከፈተው የአዲስ አበባው ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ የተነሳ አንበሳ ጀርባው ነጭ ሲደረግ አጥሩና ሲሚንቶው አብሮ ይጠፋል። ከሥሩ ምንም ካልተጻፈ ተመልካቹ የዱር አንበሳ ነው ብሎ ይሄዳል። ይህ ማታለል ነው፤ እኔም አልከላከልለትም። መድኃኒቱ ግን ከሥሩ መጻፍ ነው። የስድስት ኪሎ አንበሳ መሆኑ ቢጻፍ እንዲያውም ፎቶው ይከብዳል፤ በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት ከዚያ ግቢ 15 አንበሶችን መርምሮ ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷልና። በነጭ ላይ የወጣው ያ ጥቁር ጎፈር የማን እንደሆነ ተመልካቹ ይወቅ። አንበሳው የታሰረ መሆኑንም ይወቅ።

ውድድር የምታዘጋጁ፣ ዐውደ ርእይ የምትሰቅሉ፣ ወጣት የምታሠለጥኑ ሁሉ፣ ራው ፋይሉን ጠይቁ። ቅርንጫፍ ተቆርጦ ወጥቶ ከሆነ፣ ጢም ተጨምሮ ከሆነ፣ የአንዱ ጅራት ለሌላው ተቀጥሎ ከሆነ ጣሉት። የት እንደተነሳ፣ እንስሳው ነጻ ይሁን የታሰረ፣ ብርሃኑ ምን ያህል እንደተገፋ ከሥሩ አስጽፉ። ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ነጭ በመሆኑ ብቻ «የፈጠራ» ወደምትሉት ጥግ አትግፉት፤ በሣሩ መሐል ከተነሳው አንበሳ ጎን፣ በዚያው ግድግዳ፣ በዚያው ከፍታ ስቀሉት። ሣር ውስጥ ያለውንም አንሺ ተመሳሳዩን ጥያቄ ጠይቁት፤ መኪኖቹ የት ነበሩ፣ አጥሩ የት ነበር፣ እንስሳው የማን ነበር ብላችሁ።